ምርጡ ለነጋዴ፣ ግርዱ ለልጅ? ስለ ለውዛችን አንድ ነገር ልንገራችሁ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም። ስለ አንድ ሰፌድ ለውዝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቤት ለቤት ስዞር አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የተፈለፈለ ለውዝ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። በቀኛቸው ሞላ ሞላ ያለው ጥሩ ፍሬ ተቀምጧል። በግራቸው ደግሞ የተጨማደደው፣ የጠቆረው፣ ነቀዝ የበላው፣ አንዳንዱም አረንጓዴ ሻጋታ የያዘው አለ። «እናቴ፣ ጎበዝ ነዎት! ልክ እንደተማማርነው ነው የለዩት» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ከዚያ ወደ ግራው እያየሁ «ይሄንንስ ምን ያደርጉታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እሱማ ለልጆቹ ነው፤ ነጋዴው አይወስደውም» አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልስ አጣሁ። ለቀማውን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ስልጠና ላይ «ጥሩውን ለይታችሁ ሽጡ፣ ዋጋ ታገኛላችሁ» ብያለሁ። ተለይቶ የሚቀረው የት እንደሚሄድ ግን አንድ ቃል አልተናገርኩም። እኛ የልማት ሰራተኞች በሄክታር ስንት ኩንታል እንደተገኘ እንጠይቃለን፣ ሪፖርት እንጽፋለን። ቤተሰቡ ከዚያ ምርት ምን በላ ብለን አንጠይቅም። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው እናንተን ለመውቀስ አይደለም፤ የጎደለውን ትምህርቴን ልሞላ ነው።

በመጀመሪያ ለውዝ ጥሩ ምግብ ነው። ይሄን የምለው ይሄን ጽሁፍ አንብቦ ለውዝ የሚተው ሰው እንዳይኖር ነው። 100 ግራም ለውዝ ውስጥ ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለ። በቆሎ በዚያው መጠን ከ9 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው ያለው። የለውዙ ግማሽ ያህል ደግሞ ዘይት ነው፤ አብዛኛው ዘይት ልብን የማይጎዳው ዓይነት ነው። በዚያ ላይ ማግኒዚየም፣ ቫይታሚን ኢ፣ ለነፍሰ ጡር የሚያስፈልገው ፎሌት አለው። አንድ እፍኝ፣ ማለትም 30 ግራም ገደማ፣ ወደ 170 ካሎሪ ይሰጣል። ሲያርስ ለሚውል ሰው ይሄ ቀላል ጉልበት አይደለም።

ሌላም ነገር አስቡ። ልጅ በጣም ሲከሳ ጤና ኬላ ወስደን በፓኬት የሚሰጠውን ፕላምፒናት ታውቁታላችሁ። የሱ ዋናው ነገር ምንድነው? የተፈጨ ለውዝ ነው! የወተት ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተጨምሮበታል። እንግዲህ ተመልከቱ፦ ጥሩውን ለውዝ ከቤታችን አውጥተን እንሸጣለን፣ ከዚያ ልጃችን ሲከሳ ለውዝ ፍለጋ ጤና ኬላ እንሄዳለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ግርዱ ልመለስ። ለውዝ ላይ የሚበቅል አንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ በዓይን አይታይም፣ አይሸትም። ሻጋታውን ብትጠርጉት መርዙ ፍሬው ውስጥ ይቀራል። መቁላት በመጠኑ ሊቀንሰው ይችል ይሆናል እንጂ አያጠፋውም፤ መቀቀልም አያጠፋውም። በብዛት ከተበላ ጉበትን በቀናት ውስጥ ይጎዳል። በ2004 እ.ኤ.አ. ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ በዚሁ መርዝ የተበከለ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በጥቂት በጥቂቱ ለዓመታት ሲበላ ደግሞ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ በተለይ የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ላይ አደጋው ይብሳል።

ይሄ የሌላ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በምስራቅ ኢትዮጵያ ከገበሬ ጎተራና ከገበያ 120 የለውዝ ናሙና ወስዶ መርምሮ ነበር። 93ቱ ላይ መርዙ ተገኝቷል። ዝቅተኛው በኪሎ 15 ማይክሮግራም ነው። የአውሮፓ ህብረት ለምግብ በቀረበ ለውዝ ላይ የሚፈቅደው 4 ብቻ ነው።

መልካሙ ዜና መርዙ በሁሉም ፍሬ ላይ እኩል አለመሰራጨቱ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚከማቸው በጥቂት ፍሬዎች ላይ ነው፤ በሻገተው፣ ቀለሙን በቀየረው፣ በተጨማደደው፣ ነፍሳት በበሳው ላይ። ስለዚህ ለቀማ ትልቅ መከላከያ ነው። ግን ልብ በሉ፦ መጥፎውን ለቅመን አንድ ላይ ስንሰበስብ መርዙንም አንድ ላይ ሰበሰብነው ማለት ነው። ያንን አንስተን ለሦስት ዓመት ልጅ ስንሰጥ፣ ከጠቅላላው ምርት አደገኛውን ክፍል ለትንሹ ሰውነት ሰጠን። ሸማቹን ጠብቀን ልጃችንን አጋለጥን። የኔ ጭንቀት ይሄ ነው።

«አባቶቻችን ሲበሉት ኖረዋል፣ ምን ሆኑ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ጉበት ቶሎ አይናገርም። ሰው በአርባና በሃምሳ ዓመቱ ሆዱ ሲያብጥ፣ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን፣ ከሃያ ዓመት በፊት የበላውን ለውዝ ማን ያስታውሳል? አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ግርዱን ጥለን ምን ልናተርፍ ነው? ኑሮ ተወዷል» ትላላችሁ። እሱም እውነት ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም ጣሉ አልልም። ትንሽ ሆኖ ግን ንጹህ፣ ደረቅ፣ ቀለሙ ያልተቀየረ፣ ያልተጨማደደ ፍሬ ይበላል። ነጋዴው በመጠኑ አናሳነት ቢመልሰውም ለቤት ችግር የለውም። የሚወገደው የሻገተው፣ የጠቆረው፣ የተጨማደደው፣ የተበሳውና የመረረው ነው። በደንብ የደረቀ ምርት ላይ ይሄ ብዙ አይደለም።

ለዶሮና ለላምም አትስጡት። ይሄ መርዝ መጀመሪያ የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የፈረንጅ ዶሮዎች (ተርኪ የሚባሉት) በተበከለ የለውዝ ፋጉሎ ሲያልቁ ነው። ላም ከበላችው ደግሞ በወተቷ በኩል ተመልሶ ወደ ልጁ ይመጣል። ግርዱን ለዘይት መጭመቅም መፍትሄ አይደለም፤ አብዛኛው መርዝ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል፣ ሳይጣራ የወጣው ዘይትም ነጻ ነው ማለት አይቻልም። ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።

ታዲያ ምን እናድርግ? ዋናው ሃሳቤ አንድ ነው፦ የቤት ድርሻ መጀመሪያ ይቀመጥ። ነጋዴው ከመምጣቱ በፊት። ሂሳቡን አብረን እንስራ። ስድስት ሰው ያለበት ቤት፣ ለአንድ ሰው አንድ እፍኝ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ቢበላ በሳምንት 540 ግራም ነው፤ በዓመት ወደ 28 ኪሎ ፍሬ ይሆናል። ከነቅርፊቱ ከ40 ኪሎ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ግማሽ ኩንታል እንኳ አይሞላም! ባልና ሚስት ተመካክራችሁ ከምርጡ ይቺን ብታስቀምጡ ገቢያችሁ ብዙ አይጎዳም።

ሻጋታው ገና ከማሳ እንዳይጀምር ደግሞ እነዚህን አድርጉ፦

1. ለውዙ ሲደርስ ሳትዘገዩ ንቀሉ። ጥቂት ነቅላችሁ ቅርፊቱን ክፈቱ፤ አብዛኛው የውስጥ ግድግዳው ወደ ቡናማ ከጠቆረ ደርሷል። መጨረሻ አካባቢ ድርቅ የመታው ማሳ ለመርዙ ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ ምርቱን ከሌላው ጋር አትቀላቅሉ።

2. ስትነቅሉ ፍሬው ወደ ላይ፣ ቅጠሉ ወደ ታች ሆኖ ይድረቅ። ቀጥሎ በሸራ ወይም በምንጣፍ ላይ አስጡት፤ ባዶ መሬት ላይ አይሁን። ማታ ማታ ከጤዛ ሸፍኑት።

3. መድረቁን በጆሮና በእጅ ፈትኑ። ስታንቀሳቅሱት ይንኳኳል፣ ፍሬው ሲሰበር ቀጭ ይላል፣ ስታሹት ቀዩ ልጣጭ ይለቃል።

4. መፈልፈል እንዲቀላችሁ ወይም ሚዛን እንዲያነሳ ብላችሁ ውሃ አትርጩበት። የደከማችሁበትን ሁሉ የሚያበላሸው ይሄ ነው።

5. ከነቅርፊቱ፣ አየር በሚያስገባ ጆንያ፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ለምግብ የሚሆነውን ብቻ በየጊዜው ፈልፍሉ።

ስለ አበላሉም ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር። አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ሙሉ ፍሬ አትስጡ፤ ትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ይገባና ያንቀዋል። ተቆልቶ፣ በደንብ ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ ገንፎው ወይም አጥሚቱ ውስጥ ይግባ። ከስድስት ወር በኋላ ከሌላው ምግብ ጋር በጥቂቱ መጀመር ይቻላል። ጥቂት ሰዎች ግን ለውዝ አይስማማቸውም፤ ከበሉ በኋላ ከንፈር ካበጠ፣ ሰውነት ሽፍ ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረ ሳትውሉ ሳታድሩ በፍጥነት ጤና ጣቢያ ውሰዱ፤ ከዚያ በኋላ ያ ሰው ለውዝ አይቅመስ። ደም ግፊት ያለበት ጨው ያልነካውን ይብላ። የመረረ ፍሬ አፋችሁ ከገባ አትዋጡት፣ ትፉት።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። እኚያን እናት ትናንት ተመልሼ አየኋቸው። አሁን የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ይሄንን ያን ጊዜ ለምን አልነገርከንም ልጄ?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። እናንተም እንዳትሉኝ ይኸው ነገርኳችሁ። ስልክ የሌለው ጎረቤት ካላችሁ ዛሬ ማታ ቡና ላይ ንገሩልኝ። ለቀማው የተጀመረበት ወቅት ስለሆነ ሳይረፍድ ይድረሳቸው።

መልካም አዝመራ፣ ጤናማ ቤተሰብ ይስጣችሁ!