የሠራዊት ወኔ በነጋሪት አይጸናም

በአንድ አገር ጦር በተፈታ ቁጥር የሚወነጀል ሰው ይፈለጋል። በየካቲት 1983 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ጦር «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ብሎ በሰየመው ማጥቃት ወደ ጎጃምና ጎንደር ሲገሠግሥ፣ የደርግ ሠራዊት ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ የነበረውን ይዞታ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ በየጨዋታው የሚደመጠው ፍርድ አጭር ነው፤ «ወታደሩ ፈራ፤ አለዚያም ተሸጠ» የሚል። ይህ ፍርድ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ነውርም ነው። ስሕተትነቱ ውጤቱን ከምክንያቱ ስለሚያስቀድም፣ ነውርነቱም ሙት ወቃሽ ስለሆነ ነው።

ጉዳዩን ከሥሩ መመርመር ለሚሻ ሰው መነሻው ምሽጉ ሳይሆን ቀበሌው ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ሲታወጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ተደነገገ። ገበሬ ማኅበሩና ቀበሌው ግን ኮታ እንዲሞሉ ተገደዱ፤ ኮታውም በውድ ሳይሞላ ሲቀር በአፈሳ ተሞላ። ከቢቸና የጤፍ ማሳ ወይም ከሞጣ ገበያ የተወሰደ ልጅ የሚመለስበትን ቀን ቈጥሮ ሄደ፤ ቀኑ ሲደርስ ግን አሰናባች ታጣ። ሰው መከራን የሚችለው ፍጻሜው ሲታወቀው ነው። መውጫው የማይታወቅ የጦር ሰፈር ከወህኒ ቤት የሚለየው በስሙ ብቻ ነው።

«ወታደር ኮቾሮ ቈርጥሞ፣ ከኮዳው ተጐንጭቶ ያድር ዘንድ ግዴታው ነው» የሚሉ ይኖራሉ። ለዚህ መልሱ ከዚያው ከቢቸና ይገኛል። የበላይ ዘለቀ አርበኞች በጣልያን ወረራ ዘመን በዚያ አገር ያለ ደመወዝና ያለ ስንቅ ክፍል ተዋግተዋል፤ ወኔያቸው ግን አልሞተም፤ ስለ ምን እንደሚሞቱ ያውቁ ነበርና። እንግዲያስ ወኔን የሚገድለው ረኃብ ብቻውን አይደለም፤ ግፍ የተጨመረበት ረኃብ ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የነበረው ጦር ያመፀው የውኃ መሳቢያው ተበላሽቶበት ሳለ ከመኰንኖቹ ጕድጓድ እንዳይቀዳ በመከልከሉ ነበር። የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዞ ራሱ የሚበላውን አበላቸው፤ የሚጠጣውንም አጠጣቸው። የዘውዱ ሥርዓት መናጋት ከጀመረባቸው ስፍራዎች አንዱ ያ ጕድጓድ ነው።

ይህን ትምህርት ከማንም በላይ ሊያውቅ ይገባው የነበረ ደርግ ነው፤ ከወታደር ብሶት ተወልዷልና። እርሱ ግን በአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኃላፊና የደኅንነት ሰው አስቀምጦ አንዱን በሌላው አስጠበቀ። በየካቲት 1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩትን ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዐይኔን ረሸነ፤ በሚቀጥለው ወር ዕዙ አፍዓበት ላይ ተደመሰሰ። ከግንቦት 1981 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላም የጦሩን አለቆች ፈጀ። አዛዡ ሲረሸን ያየ ተራ ወታደር ከፊቱ ካለው ጠላት ይልቅ ከኋላው ያለውን ቢፈራ ማን ይፈርድበታል?

እዚህ ላይ ክሱ የብዕርና የብሩሽ ሰዎችንም ይነካል። በዚያ ዘመን ግድግዳውን የሞላው ጡንቻው የፈረጠመ፣ ክንዱን ወደ ላይ ያነሣ ወታደር ሥዕል ነበር፤ የኪነት ቡድኑም በየሰፈሩ እየዞረ ፎከረ፤ ሸለለ። ከእናቱ ደብዳቤ ያጣው፣ ቅማሉን ከሸሚዙ እየለቀመ ማታ ማታ ያገሩን ዜማ የሚያንጐራጕረው ሰው ግን ሠዓሊ አላገኘም። ዘመቻውን ከፉከራው ጀርባ ለማየት የደፈረው በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ቀረ። ይህ ለዚያን ዘመን ዝምታ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ያ ፍርሃት የሌለበት ሆኖ ሳለ ያንኑ ሥዕል መልሶ የሚገለብጥ ግን በምን ያመካኛል?

የምሥራቅ ጎጃም ምድር ሌላም ነገር ያስተምራል። በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን ተቃውሞ ሲነሣ ጦርና አውሮፕላን ተላከበት። ነገሩ የተቋጨው ግን በጥይት አልነበረም፤ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተማረ። አባቱን በሚመስል ሰው ላይ የሚያነጣጥር እጅ አይጸናም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ያው ምድር እንደገና ተኩስ ሰምቷል፤ ከነጋሪቱ ጩኸት በስተኋላ ግን የሰፈሩን ኑሮ የሚጠይቅ ዛሬም ጥቂት ነው።

የነገሌ ወታደር ለጄኔራሉ ያቀረበው ማዕድ እስካሁን አልተነሣም። ስለ ሠራዊት ወኔ ሊጽፍ፣ ሊዘፍን ወይም ሊፈርድ የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ ከዚያ ይቅመስ።