ከልጆቻችን ጋር በሌሞ የእንሰት ማሳ

የዕረፍት ቀን ሲደርስ ልጆችን ይዞ ወዴት መሄድ እንደሚሻል ብዙ ወላጆች ይቸገራሉ። ኬክ ቤቱም፣ መዝናኛ ሜዳውም ሲደጋገም ይሰለቻል። ለዛሬ የምናቀርበው ሐሳብ ልጆችን ሰው ሥራ ላይ ወዳለበት እርሻ ወስዶ አንድ ቀን ማዋልን ነው። ምክንያቱን ከራሴ ቤት ልጀምር።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ቆጮ ስገዛ ከሻጯ ጋር በዋጋ ብዙ ተከራከርኩ። በመጨረሻ ረትቻት ስመለስ አብራኝ የነበረችው የዘጠኝ ዓመት ልጄ፣ «እማዬ፣ ቆጮ የሚያፈራው ምን ዓይነት ዛፍ ላይ ነው?» አለችኝ። ሙዝ ከሚመስል ተክል እንደሚገኝ ከመናገር በቀር የተሟላ መልስ አልነበረኝም። ባለቤቴ የሌሞ ተወላጅ ነው፤ ጥያቄውን ሲሰማ አፈረ። «ልጆቼ ይህን ሳያውቁ ማደጋቸው የእኔ ጥፋት ነው» ብሎ ወደ አክስቱ ቤት ሊወስደን ቀን ቆረጠ።

ሌሞ የሆሳዕናን ከተማ የሚያዋስን ወረዳ ነው። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ዓርብ ማታ እዚያው አድረን ቅዳሜ በማለዳ ተነሣን። አገሩ በሐሩር ክልል ውስጥ ቢሆንም ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ጧቱ ይበርዳል። ለልጆች ሹራብ መያዝ አይረሳ።

የአክስታችን ቤት በእንሰት ተከብቧል። ለቤቱ ቅርብ የሆነው ተክል ይበልጥ የሚፋፋው ከበረቱ የሚወጣው ፍግ በየጊዜው ስለሚደርሰው ነው። ከብት የሌለው ቤት እንሰቱም ይከሳል። እንሰት የሙዝ ዘመድ ሲሆን በዱር በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል፤ አልምቶ ምግቡ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ዛሬ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው በእርሱ ላይ እንደተመሠረተ ይነገራል። ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ልጄ በጣቷ ቆጥራ፣ «ይሄ ተክል እኮ እኔን ያክላል» አለች።

ግንድ የሚመስለው ነገር በእርግጥ ተደራርቦ የቆመ የቅጠል እግር ነው። አክስታችንና ጎረቤቶቿ ይህን እየገነጠሉ በተጋደመ ጣውላ ላይ ዘርግተው፣ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እግር አንሥተው በተረከዝ እየያዙ በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል። ሥሩ፣ ማለትም አሚቾው፣ ይቀጠቀጣል። ከተፋቀው ተጨምቆ ከሚወጣው ውኃ በታች የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። ቀሪው በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። ከመፋቁ የሚተርፈው ቃጫ ለገመድና ለጆንያ ይውላል። የሚጣል ነገር የለም።

እኔም መፋቂያውን ተቀብዬ ሞከርኩ። አንዱን ቅጠል ሳልጨርስ ወገቤና ጭኔ ተንቀጠቀጡ። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጃችን ይህን አይቶ፣ «አባዬ፣ አንተስ ለምን አትፍቅም?» ሲል ጠየቀ። ባለቤቴ ዝም አለ። አክስታችን ሳቅ ብላ፣ «በእኛ ዘንድ ወንዱ ይተክላል፣ ሴቷ ትፍቃለች። ሴቶች ሲፍቁ ወንድ አጠገብ አይቆምም። እናቴም እንዲሁ ነው ያደረገችው፤ የእናቴ ወገብ ግን ጎብጦ ነው የሞተችው» አለች። ባለቤቴ ተነሥቶ የተገነጠለውን ከማሳው ወደ መፋቂያው ቦታ ያመላልስ ጀመር። አክስቱ አልከለከለችውም፤ አላመሰገነችውምም።

ከዚያ የተከተለው የእኔ ስሕተት ነው። ልጄ ለጥላ የሚሆን ቅጠል ሊቆርጥ አጥር ሥር ያገኘውን ቢላዋ አንሥቶ ወደ አንዱ እንሰት ሲጠጋ አክስታችን፣ «ተው ልጄ! ተው!» ብላ ጮኸች። ቢላዋው በበሽታ የጠወለገ እንሰት የተቆረጠበት ኖሯል። ይህ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ቅጠሉን ያበጫል፤ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። በቢላዋ፣ በከብትና በታመመ ችግኝ ከተክል ወደ ተክል ይዛመታል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ ገልጠው ያሳወቁት ሲሆን፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ የሙዝ ማሳዎች ላይ ታይቶ ብዙ ገበሬ ጎድቷል። አክስታችን ባለፈው ዓመት ሰባት እንሰት ነቅላ ቀብራለች። የሰባት ተክል ዕድሜ ቢደመር ስንት ዓመት ቀለብ እንደሆነ አስቡት። ልጄ አለቀሰ፤ እርሷ ግን አቅፋው ቢላዋ በእሳት እንዴት እንደሚለበለብ አሳየችው። የተቀጣው እርሱ ቢሆንም ቀድሜ ሳልነግረው የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ወደ እርሻ ስትሄዱ እነዚህን አስቡ። አንደኛ፣ ቀድማችሁ አሳውቁ፤ ባለቤቶቹ ሥራ ፈትተው አይጠብቋችሁምና። ሁለተኛ፣ ከሌላ ማሳ የመጣችሁ ከሆነ ጫማችሁን አጽዱ፤ ልጆች ሳይፈቀድላቸው ምንም እንዳይቆርጡና እንዳይነኩ አስጠንቅቁ። ሦስተኛ፣ ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። አራተኛ፣ ለልጆች ዕድሜያቸው የሚፈቅደውን ሥራ ስጧቸው፤ ቆሞ ከማየት ውኃ ማቀበል ይሻላል። አምስተኛ፣ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ለበላችሁትም ለጠፋውም ጊዜ ውለታ መልሱ።

በምሳ ሰዓት አክስታችን ቡላ በቅቤ የሚሠራበትን የሃድያ ምግብ፣ አታካናን፣ አቀረበችልን። ልጆቹ ሳህኑን ጠርገው በሉ። ስንመለስ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ሰጠችን፤ ገንዘብ ብንዘረጋ ተቆጣች። እኛም በስተኋላ አዲስ መፋቂያ ጣውላ አሠርተን ላክንላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያችኑ ቆጮ ሻጭ አገኘኋት። ዋጋ ስጠይቅ ልጄ ቀሚሴን ጎተት አደረገችኝ። የነገረችኝን ከፈልኩ።