የአያት ልብስ ለብሶ አደባባይ መውጣት

በበዓል ቀን የሌላ ዘመን ልብስ ለብሶ፣ የሌላ ዘመን ሰው መስሎ አደባባይ መቆም በብዙ አገር ራሱን የቻለ ሥራ ከሆነ ቆይቷል። በአገራችንም ከተጀመረ ሰንብቷል፤ ነገር ግን ሥራ ነው ብሎ ደንብ ያበጀለት ስለሌለ እንደ ቀልድ ይሠራል፣ እንደ ቀልድም ይታለፋል። እኛ ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ለማስረዳት ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት ወደ አስኮ እንሂድ። አስኮ በጫማ ፋብሪካው የታወቀ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሠፈር ነው። የካቲት 23 ቀን ጧት ከዚያ ተነሥቶ በዊንጌት በኩል ወደ ፒያሳ የሚሄደውን ታክሲ የተሳፈረ ሰው፣ ጋሻውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ፣ ጎፈሩ እንዳይጨፈለቅበት በጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚጓዝ ወጣት ቢያይ አይደነቅም። ረዳቱም ለጦሩ ደግሞ የማን ሒሳብ ነው ብሎ ቢቀልድ ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል። ምናልባት ይኸው ወጣት ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ በገና ሰሞን፣ ቀይ ካፖርት ለብሶና ከጥጥ የተሠራ ነጭ ጢም አንጠልጥሎ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ለሕፃናት ከረሜላ ሲያድል ውሏል። የታኅሣሥ ፀሐይ በእኩለ ቀን እንዴት እንደምታቃጥል የሚያውቅ ሰው የዚያን ጢም ነገር ያስበው።

ይህ የገና አባት ልብስ ከየት መጣ ብለን ስንመረምር የምናገኘው ነገር ያስገርማል። ቀዩ ካፖርት ራሱ ይበልጥ መልክ የያዘው በአሜሪካ ሠዓሊዎች እጅ ቢሆንም፣ ፈረንጆች የገና ወግ የሚሉት ብዙው ነገር ጥንታዊ ይምሰል እንጂ የተደራጀው በእንግሊዝ ንግሥት በቪክቶሪያ ዘመን ነው። ቻርልስ ዲከንስ ስለ ስስታሙ ስክሩጅ የጻፈውን የገና ታሪክ ያሳተመው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1843 ነው፤ ለሽያጭ የታተመው የመጀመሪያው የገና ካርድም በዚያው ዓመት በሎንዶን ወጣ። በ1848 ደግሞ አንድ ባለሥዕል የሎንዶን ጋዜጣ ንግሥቲቱና ባለቤቷ ልዑል አልበርት ከልጆቻቸው ጋራ ባጌጠ ጥድ ዙሪያ ቆመው የሚታዩበትን ሥዕል ስላወጣ፣ ጥድ ማቆም በየቤቱ ተዛመተ። እንግዲህ በሱቅ ደጃፍ ላይ የቆመው የአስኮ ልጅ ሳያውቀው ከቪክቶሪያ ዘመን ባለሟሎች እንደ አንዱ ሆኖ ይቆማል ማለት ነው።

ያንን ዘመን አውቀው የሚያቆሙትም አሉ። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት የሚደረገው የዲከንስ ገበያ የተጀመረው በ1970 ነው። በሆላንድም ዴቬንተር በምትባል ከተማ ከ1991 ጀምሮ እንዲህ ያለ በዓል ይደረጋል፤ ከ900 የሚበልጡ ሰዎች የድሮውን ልብስ ለብሰው የከተማይቱን ጠባብ መንገዶች ይሞሏቸዋል። ልብ ልንለው የሚገባን ልብሱን ሳይሆን ከልብሱ በፊት ያለውን ድካም ነው። በአሜሪካው ገበያ ተዋናይ ለመሆን የፈለገ ሰው ከበዓሉ አስቀድሞ ወደ ልምምድ ይጠራል። የዘመኑን አነጋገር፣ አካሄድ፣ ባርኔጣ አንሥቶ እጅ የመንሣትን ሥርዓት ይማራል። የሚጫወተው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ምን ሠርቶ እንደሚያድር፣ ለማን እንደሚገዛ ያጠናል። ደግሞም ሁሉም መኳንንት አይሆንም፤ ጭስ ማውጫ የሚጠርግ ልጅ፣ በመንገድ ላይ ምግብ የምትሸጥ ሴት፣ የሰከረ መርከበኛ ባይኖር ገበያው ገበያ አይሆንም።

ወደ እኛ እንመለስ። ቪክቶሪያ የነገሠችው ከ1837 እስከ 1901 ነው። በዚህ ዘመን ውስጥ ዐፄ ቴዎድሮስም፣ ዐፄ ዮሐንስም፣ ዐፄ ምኒልክም ነግሠዋል፤ ዓድዋም የተዋጋነው በእርሷ ዘመን ነው። በፈረንጆች 1898 ንግሥቲቱ ድምፅዋን በፎኖግራፍ ቀርፃ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ልካለች። ስለዚህ የቪክቶሪያ ዘመን ለእኛ በረዶና ሻማ ብቻ አይደለም። መቅደላም ነው። ሰናድር የምንለው ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዞቹ ስናይደር ነው፤ ጄኔራል ናፒየር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲመለስ ለደጃዝማች ካሣ፣ ለኋላው ዐፄ ዮሐንስ፣ የጦር መሣሪያ ትቶላቸው ሄዷል።

የሰውን ልብስ ለብሶ መታየትም ቢሆን በእኛና በእንግሊዞች መካከል የጀመርነው እኛ አይደለንም። ከናፒየር ጦር ጋራ የመጣ፣ አማርኛ የሚያውቅ፣ የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ ይሉት የነበረ ካፒቴን ስፒዲ የተባለ ረጅም እንግሊዛዊ ነበረ። ወደ አገሩ ሲመለስ ሸማ ለብሶ፣ ጦር ይዞ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። ከእርሱም ጋራ አንድ ሕፃን በሸማና በጌጥ ተሸልሞ ከጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ቀርቧል። ሕፃኑ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነው። አባቱ በሚያዝያ ወር በመቅደላ ሞተዋል፤ እናቱም ወደ ባሕር በሚወስደው መንገድ ላይ አርፈዋል። በሥዕሉ ላይ ያለው ፊቱ አይሥቅም። ለካፒቴኑ ያ ልብስ ትርዒት ነበረ፤ ለሕፃኑ ግን ከቤቱ የቀረለት ነገር ነው። ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ በፈረንጆች 1879 እዚያው እንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። ዐፅሙ ለአገሩ እንዲመለስ ተደጋግሞ የቀረበውንም ጥያቄ በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለውም።

ይህን የምናነሣው ለኀዘን ብለን አይደለም። ያንኑ ልብስ ዛሬ የሚለብሰው የአስኮ ወጣት ከካፒቴኑ ወገን ነው ወይስ ከሕፃኑ ወገን ብለን ለመጠየቅ ነው። ልብሱን ሳያውቅ የለበሰው እንደ ሆነ፣ ቋንቋው አማርኛ ይሁን እንጂ፣ ከካፒቴኑ ብዙም አይርቅም።

ማስረጃ የሚሻ የየካቲት 23ን አደባባይ ይመልከት። ካኪ ልብስና የጎፈረ ጠጉር በብዛት ይታያል። ይህ የአምስቱ ዓመት አርበኛ መልክ ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር የነበረው ሰው አገሩ ነጻ ሳትወጣ ጠጉሬን አልላጭም ብሎ ያሳደገው ነው። የ1888ቱ ዘማች በአብዛኛው ነጭ ጥጥ የለበሰ፣ እግሩ ባዶ የሆነ ገበሬ ነበረ። ሁለቱም አባቶቻችን ናቸው፤ ነገር ግን በመካከላቸው አርባ ዓመት አለ። ለአርባ ዓመት ልዩነት የማይጨነቅ ተዋናይ ስለ ምን ይጨነቃል?

ሸማውም እንዲሁ ነው። ሸማ በአገራችን ይናገራል። ከጌታ ፊት የቆመ ሰው በወገቡ አደግድጎ ይቆማል፤ ኀዘንተኛ ዘቅዝቆ ይለብሳል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሰው መስቀለኛ ያጣፋል። በድል በዓል ዕለት ነጠላውን ዘቅዝቆ የሚፎክር ወጣት፣ አሮጊት እናቶች ዘንድ ማን ሞተብህ ልጄ ቢያሰኘው ጥፋቱ የእናቶች አይደለም።

ፉከራውም ጩኸት ብቻ መሆን የለበትም። ፉከራ ሰው ያደረገውን፣ የአባቱንም ስም የፈረሱንም ስም ጠርቶ በአደባባይ የሚመሰክርበት ነገር ነው። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ የተባሉት በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ገዳይ ነኝ ብሎ የሚነሣ ተዋናይ የማንን ሥራ እንደሚናገር አስቀድሞ ይወቅ። ፊታውራሪ ገበየሁን ሆኖ የሚፎክር ካለ፣ ያ ሰው ከዚያ ሜዳ እንዳልተመለሰ ይወቅ፤ ድምፁ ያን ጊዜ ሌላ ይሆናል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስቀን የማዕርጉ ነገር ነው። በአደባባይ ያለው ሁሉ ራስና ደጃዝማች ነው። (የመሥሪያ ቤት ወጣቶች ይህን ጠባይ ከሌላ ቦታም ሳያውቁት አይቀሩም፤ ሁሉ ዲሬክተር ከሆነ ደብዳቤውን ማን ይጽፋል?) ወደ ዓድዋ የሄደው ጦር ከመቶ ሺህ ያላነሰ ነው ይባላል፤ ይህን ሕዝብ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያበላው ማን ነው? በቅሎ ጫኙ፣ እንጨት ለቃሚው፣ ወፍጮ ፈጪዋ፣ ውሃ ቀጂዋ ናቸው። በመቀሌ ምሽግ የነበረው የጣልያን ጦር የተሸነፈው በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ስለ ተያዘበት በውሃ ጥም ነው። ታዲያ እንስራ ተሸክማ ከሰልፉ ጋራ የምትሄድ አንዲት ልጅ ብትኖር፣ ስንቅ በአገልግል የያዘች ሌላይቱ ብትከተላት፣ ከአሥር የፕላስቲክ ጎፈር የበለጠ ታሪክ ትናገራለች።

ታሪክን ያህል ነገር በመንገድ ላይ መጫወቻ ማድረግ አይገባም የሚሉ አሉ፤ የሚሉትም ክብርን አስበው ስለ ሆነ አንንቃቸውም። ነገር ግን ቴአትርም ይህ ተብሎበታል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር በአውሬዎች ተረት አስመስለው ባሳዩ ጊዜ ነገሩ መንግሥትን የሚነካ ሆኖ ስለ ተቆጠረ ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ግን በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ታላቁ የቴአትር ቤት በመንግሥት ገንዘብ ተከፈተ። መድረክ ላይ ሲሆን ክብር የተሰጠው ነገር ወደ አስፋልት ሲወርድ ክብሩን የሚያጣበት ምክንያት አይታየንም።

እኛ የምንለው ቀላል ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል። የቴአትር ትምህርት የተማሩ ወጣቶች አሉ፤ ሸማ የሚሠሩ ባለ እጆች በሽሮ ሜዳ አሉ፤ አለባበሱን የሚያውቁ ሽማግሎች በየሠፈሩ ገና አላለቁም። በገና ባዛርም ሆነ በድሉ ቀን ተዋናይ የሚቀጥር ነጋዴ ወይም ማኅበር ቢያንስ የአንድ ወር ልምምድ ይስጥ፤ ለልምምዱም ይክፈል። ልብስ መለወጫ ስፍራና ምሳ ይኑር። የውሎ ዋጋው በጽሑፍ ይሁን እንጂ በበዓሉ ማግስት ነገ ና መባባል ይቅር። ቀይ ካፖርት ለብሶ ከሚቆመው ልጅ አጠገብ፣ በገና ዱላና በጥንግ የሚጫወቱ ሁለት ቡድኖች ቢቆሙ ሕፃናቱ ወደየትኛው እንደሚሮጡ አይተን እንፍረድ። በዚያ ጨዋታ ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ሲሆኑ፣ ሎሌው ጌታውን ቢመታ እንኳ እንደማይቀየም እነዚያ ሕፃናት ከየት ይስሙት?

የጫማውን ነገር ብዙዎች ይጠይቁናል። የጫማ ፋብሪካ ሠፈር ልጅ ባዶ እግሩን ይሂድ ትላላችሁን ይሉናል። ከአስኮ እስከ ፒያሳ አንልም። በታክሲው ውስጥ ጫማውን ያድርግ፤ ሲወርድ ያውልቀውና በከረጢት አድርጎ ውሃ ለምትቀዳይቱ ልጅ ያሲዛት፤ በእንስራዋ ውስጥ ይገባል።