የእድሩ ቦት ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። መዋጮና የስብሰባ ቀን የሚያስታውሰን አሁን የቴሌግራም ቦት ነው። ቴሌግራም ቦት የመሥራትን በር ለፕሮግራመሮች የከፈተው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቦትፋዘር ለተባለው ቦት ስትጽፉለት ስም ያስመርጣችሁና ቶክን የሚሉትን ረጅም የምስጢር ቁልፍ ይሰጣችኋል። ከዚያ የአባላት ሰንጠረዥና በየወሩ በቀጠሮ የሚነሳ አጭር ፕሮግራም ይበቃል። ቴሌግራም ለዚህ ክፍያ አይጠይቅም።

የሚከብደው ቁልፉ ማን ዘንድ ይቀመጥ የሚለው ነው። ቶክኑን የያዘ ሰው በእድሩ ስም ያሻውን መላክ ይችላል። ቁልፉ ቦቱን በሠራው ወጣት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከተቀመጠ ደግሞ ልጁ ዱባይ የሄደ ዕለት እድሩ ባዶ እጁን ይቀራል። እንደ ማኅተሙ ሁሉ በኮሚቴው እጅ ይያዝ እላለሁ። ቢሾልክም መላ አለው፤ ያው ቦትፋዘር አሮጌውን ሽሮ አዲስ ይሰጣል።

ውዝፍ ያለበትን ሰው ስም በግሩፕ መለጠፍስ? ነውር ነው። ለራሱ በግል ይድረሰው። ያውም ቦት «ስታርት» የሚለውን ላልተጫነ ሰው ቀድሞ መጻፍ አይችልም፤ ደግ ሕግ ነው።

የቀብር ጥሪን ግን ለቦት አልሰጥም። ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶችና አባቶች አሉን፤ ለቅሶም በማሽን ሲጠራ ደስ አይልም (የኮሚቴው ወጣቶች በዚህ ይስቁብኛል)። ጥሩንባ ነፊያችን ሥራቸውን ይቀጥሉ። እናንተም ቦት ከማስጀመራችሁ በፊት ቁልፉን ማን እንደሚይዝ በቃለ ጉባኤ አስፍሩ።