ሲሮጡ የታጠቁት፦ የመጀመሪያው ሴሚስተር የክላስ ምርጫ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። አሜሪካ መጥተው ኮሌጅ የሚጀምሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያውን ሴሚስተር ክላስ የሚመርጡት እንዲሁ እየሮጡ ነው። የአጎት ልጅ የወሰደውን፣ ከሥራ ሰዓት ጋር የማይጋጨውን፣ ወይም ቤተሰብ የሚመኘውን ይዘው ይመዘገባሉ። ምርጫው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ውጤቱ ግን ትራንስክሪፕት በሚባለው የትምህርት መዝገብ ላይ ሰፍሮ ለዓመታት ይከተላል።

የተለመደው ታሪክ ይህን ይመስላል። አገር ቤት 12ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት የጨረሰ ወጣት በዲቪ ይመጣል። ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል። ዘመድ «ጊዜህን አታጥፋ፣ ቶሎ ጨርስ» ይለዋል፤ እናት ደግሞ ነርስ ወይም ፋርማሲስት ሆኖ ማየት ትፈልጋለች። ስለዚህ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሳይኮሎጂ ባንድ ጊዜ ይወስዳል። የሚድተርም ፈተና ሲደርስ ሁለቱን ክላስ መከታተል አቅቶታል። «ለካ ለትምህርት አልሆንም» ብሎ ጨርሶ የሚያቋርጥም አለ። የጎደለው ግን ጭንቅላት አይደለም፤ ሰዓት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት በክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ ጥናት ይጠይቃል ተብሎ ይታሰባል። ላቦራቶሪ ያላቸው ሁለቱ የሳይንስ ክላሶች አብዛኛውን ጊዜ 4 ክሬዲት፣ ሌሎቹ ሦስቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ናቸው፤ ድምሩ 17 ይሆናል። ይህ በሳምንት 51 ሰዓት ማለት ነው። 40 ሰዓት ሥራ ሲጨመር 91 ይደርሳል። በቀን ሰባት ሰዓት ቢተኛ ለአውቶቡስ፣ ለምግብ፣ ለቤተሰብና ለጸሎት የሚተርፈው በቀን አራት ሰዓት ነው። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚያነብ ሰው ደግሞ የሁለት ሰዓቱ ጥናት ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

«12 ክሬዲት ካልወሰድክ እርዳታ የለም» የሚለው ወሬ ብዙዎችን አሳስቷል። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል እርዳታ ከ2024–25 የትምህርት ዓመት ጀምሮ በክሬዲት ቁጥር ልክ ይሰላል። 9 ክሬዲት የወሰደ ተማሪ የሚገባውን ሙሉ እርዳታ 75 በመቶ ያገኛል። በኤፍ-1 ቪዛ የመጣ ተማሪ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በመደበኛው ሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት፤ ከዚህም ውስጥ በኦንላይን የሚቆጠርለት አንድ ክላስ ብቻ ነው። የውጭ ተማሪዎችን ቢሮ ሳያስፈቅድ ክላስ ቢጥል ቪዛውን አደጋ ላይ ይጥላል።

የከበደ ክላስ ሲያጋጥም ቀኑን ማወቅ ይጠቅማል። ኮሌጁ በወሰነው የመጀመሪያ ቀነ ገደብ ውስጥ የተጣለ ክላስ ከመዝገብ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የተተወው «ደብልዩ» ተብሎ ይጻፋል፤ ነጥብ ባይቀንስም ተሞክሮ እንዳላለቀ ይቆጠራል። ዝም ብሎ የቀረ ተማሪ ደግሞ «ኤፍ» ይጠብቀዋል። እርዳታ የሚያገኝ ተማሪ ከሞከረው ክሬዲት በአብዛኛው 67 በመቶውን ማጠናቀቅ፣ አማካይ ውጤቱንም 2.0 አካባቢ መጠበቅ ይኖርበታል። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ሁሉንም ክላስ ጥሎ የሄደ ከሆነ፣ ከተሰጠው እርዳታ ከፊሉ ወደ መንግሥት ይመለሳል፤ ኮሌጁም ዕዳ ሊጠይቀው ይችላል።

ታዲያ ምን ይወሰድ? የእንግሊዝኛና የሒሳብ መመደቢያ ፈተና ካለ ሳይዘጋጁ መግባት አይገባም። የረሱትን አልጀብራ ሁለት ሳምንት መከለስ የአንድ ሴሚስተር ክፍያ ሊያተርፍ ይችላል። ኢ.ኤስ.ኤል. የደረሰው ሰውም ሊያፍር አይገባም፤ ታሪኩም፣ ሳይኮሎጂውም፣ ነርሲንጉም የሚሠራው በጽሑፍ ነው። ሙሉ ቀን ለሚሠራ ሰው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አንድ ለዲግሪው የሚቆጠር ቀለል ያለ ክላስ ለመነሻ ይበቃሉ። ከባዱ ሳይንስ ለሁለተኛው ሴሚስተር ቢቆይ ጉዳት የለውም። የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች የአናቶሚና ፊዚዮሎጂን ውጤት አተኩረው ስለሚያዩ፣ ያን ክላስ እግር ተክሎ መውሰድ ይሻላል።

ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ያሰበ ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለውን ክላስ ይመልከት። ክሬዲቱ ተቀባይነት አግኝቶ ለዋናው ትምህርት ግን ላይቆጠር ይችላል። በሜሪላንድ አርትሲስ፣ በቨርጂኒያ ደግሞ ትራንስፈር ቨርጂኒያ የሚባሉት የኮምፒውተር ገጾች ይህን በነፃ ያሳያሉ። የኮሌጁ አድቫይዘርም የተቀመጠው ለዚሁ ነው። ቀጠሮ ግን በነሐሴ ግርግር ሳይሆን ቀደም ብሎ መያዝ አለበት።

ሥራ የማይሠራ ተማሪ 15 ክሬዲት ቢወስድ ደግ ነው። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ 60 ክሬዲት ስለሆነ በአራት ሴሚስተር ያልቃል። በየሴሚስተሩ 12 የወሰደው ደግሞ በአምስት ይጨርሳል። ልዩነቱ አንድ ሴሚስተር ነው፤ እሱንም በክረምት ክላስ ማካካስ ይቻላል። ሁለት «ኤፍ» ይዞ የጀመረ ግን ክላሶቹን ለመድገምና አማካዩን ለማንሳት ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያጣል።

ወላጆችም ማወቅ የሚገባቸው ነገር አለ። በ1974 በወጣው ሕግ መሠረት ኮሌጅ የተማሪውን ውጤት ያለ ፈቃዱ ለወላጅ አይልክም ማለት ይቻላል፤ እንደ አገር ቤቱ ካርድ የሚፈርሙበት ነገር የለም። ልጁ መውደቁን የሚሰሙት እርዳታው ሲቋረጥ ነው። ስለዚህ ማታ ከሥራ ሲገባ «ስንት ክላስ ያዝክ?» ከማለት ይልቅ «ለማጥናት ስንት ሰዓት አለህ?» ብሎ መጠየቅ ይረዳዋል። ሰዓቱ ከጠበበም አንድ ክላስ እንዲቀንስ መፍቀድ እንደ ስንፍና ሊቆጠር አይገባም።