ከሐይቅ እስከ አምባሰል፦ የቆሙትን ሞተር ሳይክሎች ማን ያስነሳቸው?

ላም የድራት ምልክት ካሳየች በኋላ የምትዳቀልበት ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ባለሙያዎች የሚከተሉት ደንብ ጠዋት ምልክት ያሳየችውን ማታ፣ ማታ ያሳየችውን በማግስቱ ጠዋት ማዳቀል ነው። ሰዓቱ ካለፈ አርሶ አደሩ እንደገና 21 ቀን ያህል ይጠብቃል፤ ጥጃውም ወተቱም በዚያው ልክ ይዘገያሉ። በተሁለደሬና በአምባሰል ወረዳዎች ከዋናው የደሴ - ወልድያ አስፋልት ርቀው በሚገኙ ቀበሌዎች፣ አዳቃይ ባለሙያው በሰዓቱ መድረስ አለመድረሱን ብዙ ጊዜ የሚወስነው አንድ ነገር ነው፤ ሞተር ሳይክሏ ትነሳለች ወይስ አትነሳም?

ስለ ክትባት፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር በየወቅቱ ይነገራል። ባለሙያውን ከነክትባት ሣጥኑ ቀበሌ የምታደርሰው ሞተር ሳይክል ግን አንዴ ከቆመች ስሟ የሚነሳው በንብረት መዝገብ ላይ ብቻ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ በወሎ የተሰማሩ የእርዳታና የልማት ድርጅቶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም፣ ለመስክ ሥራ የተጠቀሙባቸው እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ያማሃ ኤጂ 100 ያሉ ሞተር ሳይክሎች ዛሬ አሮጌ ይባላሉ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹን ያስረጃቸው ሥራ አይደለም፤ መቆም ነው። የቆሙትን ማስነሳት የሚችሉ እጆች በየከተማው ግቢ ውስጥ አሉ። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ አሠራር ነው።

ነገሩን ለመረዳት ስለ ሞተሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ባለሁለት ምት፣ በመካኒኮች አጠራር «ቱ ስትሮክ» የሚባለው ሞተር፣ ፒስተኑ አንድ ጊዜ ወጥቶ አንድ ጊዜ በወረደ ቁጥር ኃይል ይሰጣል። ባለአራት ምቱ ለዚሁ ሥራ ሁለት ዙር ይፈጅበታል። ባለሁለት ምቱ በሲሊንደሩ ራስ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ የለውም፤ ለፒስተኑና ለሲሊንደሩ ለብቻው የተቀመጠ የሞተር ዘይትም የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ገብቶ፣ አለስልሶ፣ አብሮ ይቃጠላል። ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ጥቂት በመሆናቸው በአንድ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ተፈትቶ በዚያው ይገጠማል። ኤጂ 100 ደግሞ ከመነሻው ለእርሻ ሥራ የታሰበች ናት፤ ካቴናዋ ከአቧራና ከጭቃ በሙሉ ሽፋን የተከለለ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አላት፤ ተዳፋት ላይ በተመቸው ወገን እንድትቆም በግራም በቀኝም ማቆሚያ ተሠርቶላታል። ለአገራችን ገጠር ይህን ያህል የሚስማማ ተሽከርካሪ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ታዲያ ለምን ቆሙ? አንዱ ምክንያት ከራሱ ከመልክዓ ምድራችን ይመነጫል። ሐይቅ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ በ2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ከሚገባው አየር ጋር የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ሞተር ሳይክሏ ጠዋት አልነሳም ትላለች፤ ዳገት ላይም ትታፈናለች። መድኃኒቱ በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለቀዳዳ ቡሎን በቁጥር አነስ ባለ መለወጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ሌላ ነው፤ «አየር አነሳት» ተብሎ የአየር ማጣሪያው ወልቆ ይጣላል። ሞተሩ ለጊዜው ይከፈትለታል፤ በበጋ የቀበሌ መንገድ አቧራ ግን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ፒስተኑንና ቀለበቶቹን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ዘይት ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ እነዚህ ሞተር ሳይክሎች ዘይቱን በራሱ መጥኖ የሚሰጥ ትንሽ ፓምፕ አላቸው። ፓምፑ ሲያረጅ አይታመንም፤ ይነቀልና ዘይቱ በእጅ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ይጀምራል። ችግሩ የሚመጣው ልኬቱ በግምት ሲሆን ነው። ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት አንድ ለሃምሳ ይባላል፤ 40 ሚሊ ሊትር ደግሞ አንድ ለሃያ አምስት። የትኛው እንደሚስማማ የሞተሩ መመሪያና የዘይቱ ዓይነት ይወስናሉ፤ ልኩ ግን በዓይን አይገኝም። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መፍትሔው ከቦርሳው አይርቅም፦ ለዚህ ብቻ የተለየ ንጹሕ ባለ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ከማንኛውም ጣሳና ክዳን የተሻለ መለኪያ ነው።

የዘይቱ ዓይነትም እንደ ልኩ ይቆጠራል። ለባለሁለት ምት የተሠራው ዘይት ሲቃጠል ብዙ ቅሪት እንዳይተው ታስቦ የተዘጋጀ ነው። የመኪና ሞተር ዘይት ግን የተሠራው እንዳይቃጠል ነው። በእጥረት ምክንያት እሱ ሲገባ ቀለበቶቹ በካርቦን ይጣበቃሉ፤ ማርሚታው ውስጡ እየጠበበ ይሄዳል፤ ሞተር ሳይክሏም ዳገት መውጣት ያቅታታል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለች ሞተር ሳይክል «ሞተሩ አልቋል» ተብላ ስትቆም፣ ቴስታታው ተከፍቶ ቢጸዳ፣ ማርሚታው ቢጠረግ መልሳ የምትሠራበት ዕድል ሰፊ ነው።

ከአምባሰል ከፍታ ወደ ውጫሌ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣ ከሆነ ቤንዚን ሲዘጋ ዘይትም ይዘጋል። ሹፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ጋዙን ዘግቶ በማርሽ ብቻ ረዥም ቁልቁለት ሲወርድ፣ ሞተሩ በኃይል እየተሽከረከረ ቅባት አያገኝም። በዚህ መሐል ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ሊነክስ ይችላል፤ የኋላ ጎማ በድንገት ሲቆለፍ ደግሞ ጉዳቱ ከብረቱ አልፎ ለሰውም ይተርፋል። መላው ቀላል ነው፤ በየመሐሉ ጋዙን ትንሽ ከፈት ማድረግ፣ ወይም ፍሪሲዮን ይዞ ሞተሩን ማሳረፍ። አዲስ የተመደበ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ቁልፍ ሲረከብ ይህን የሚነግረው ሰው ሊኖር ይገባል።

የመቆም ጉዳት ራሱን የቻለ ነው። ዓመታት በቆመች ሞተር ሳይክል ውስጥ የክራንክ ዘንጉን ግራና ቀኝ የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች ይደርቃሉ። ከዚያ በኋላ ብትነሳም ሞተሩ በተሰነጠቀው ጎማ በኩል አየር ይስባል፤ ጋዝ ሳይሰጠው በራሱ ይጮኻል፣ ይግላል። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ከተበላሸ ደግሞ የካምቢዮውን ዘይት እየሳበ ነጭ ጭስ ያወጣል። ምልክቱን የማያውቅ ሰው ሙሉ ሞተር ይለወጥ ይላል። የሚያውቅ ሰው ጎማዎቹን ይለውጣል። እኔ እንደማየው ብዙዎቹ «ይወገዱ» የተባሉ ሞተር ሳይክሎች ዕጣ የተወሰነው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ልዩነት ነው።

ያኛው የሚያውቀው ሰው የት አለ? በሐይቅም ሆነ በውጫሌ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከመኖሪያ ቤቱ ጎን በቆርቆሮ ባጠላው ጥግ ነው። ግድግዳው ላይ ካቴናና ኬብል ተንጠልጥሏል፤ ከመሬት የቆሙ ሁለትና ሦስት ቴላዮዎች አንዷን ለማስነሳት ዕቃ ያዋጣሉ። ካንዴላን ማንበብ ይችላል፤ የቡና ቀለም ካለው ደኅና ነው፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል፣ ከነጣ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው። ሲሊንደር ሲበላ አይጥለውም። ከመደበኛው በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን ይፈልግና ሲሊንደሩን በዚያው ልክ በቶርኖ ቤት ያሰፋዋል። አዲሱ ዕቃ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ ያገለገለው ከምናለሽ ተራ ይፈለጋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው በመጨመሩ፣ ያለውን አድሶ የመጠቀም ሙያ ከቀድሞው ይልቅ ዋጋ አግኝቷል።

ይህን ሁሉ የሚችል ባለሙያ ግን የመሥሪያ ቤት ሥራ ለመቀበል ብዙ ጊዜ በሩ ዝግ ነው። የመንግሥት ግዥ ንግድ ፈቃድ፣ ደረሰኝና የግብር መለያ ቁጥር ይጠይቃል፤ ትክክልም ነው፣ የሕዝብ ገንዘብ ነውና። ሆኖም በግቢው የሚሠራ ወጣት እነዚህን እንዲያሟላ የሚያግዝ ከሌለ ሞተር ሳይክሏ ከወረዳው ወደ ደሴ ለመጓጓዝ በጀት ስትጠብቅ ወራት ያልፋሉ። የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት አደረጃጀት ለብሎኬትና ለከብት ማድለብ ያገለገለውን ያህል ለሞተር ጥገናም ሊያገለግል የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው ቋጠሮ ሊብሬ ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ የፕሮጀክት ተሽከርካሪ፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ይህ መብት ለሌለው ሰው የሚተላለፈው ቀረጡ ተከፍሎ ነው። ሰነዱ ሳይጠራ የቆየ ንብረት ለረዥም ጊዜ በግቢ ይከርማል፤ በመጨረሻ እንደ ብረት ሲሸጥ ገዢው አድሶ ቢያስነሳትም በሕጋዊ መንገድ መንገድ ላይ ሊያወጣት አይችልም። በጨረታ ሞተር ሳይክል ለመግዛት ያሰበ አንባቢ ከሞተሩ አስቀድሞ የቴላዮ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠሙን ይመልከት። ሞተር ይታደሳል፤ የጠፋ ሰነድ ግን በቶርኖ አይሠራም።

ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ባሪ ኮልማንና አሜሪካዊው የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላ ሶማሊያን ሲጎበኙ፣ ለጤና ሥራ የመጡ ተሽከርካሪዎች ገና ብዙ ሳያገለግሉ በቀላል ጥገና እጦት ቆመው አገኙ። ከዚያ ጉብኝት የተወለደው ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለው ድርጅት በሌሴቶና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተከተለው መርሕ ውስብስብ አልነበረም፤ ነጂው በየዕለቱ ሞተር ሳይክሉን መፈተሽ ይማራል፣ የሚያልቅ ዕቃም ከመሰበሩ በፊት በጊዜው ይለወጣል። በእኛ ዘንድ የጥገና ገንዘብ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ ሞተር ሳይክሏ ከቆመች በኋላ ነው።

ደቡብ ወሎ ደግሞ የሚያባክነው ንብረት የለውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢውን ሲያዳርስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የጤና ተቋማት ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። የተረፈችው እያንዳንዷ ሞተር ሳይክል በዚያ ሒሳብ ልትታይ ይገባል።

ይህ ማለት ግን ባለሁለት ምት ሞተር እንከን የለውም ማለት አይደለም። ከሚገባለት ቤንዚን እስከ ሲሶ የሚደርሰው ሳይቃጠል በማርሚታው ሊወጣ ይችላል። በ2017 ዓ.ም. የሊትሩ ዋጋ ከ100 ብር ለተሻገረ ነዳጅ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ ጭሱም ለነጂው፣ ለተከታዩም አይበጅም። በሃይላንድ ተቀድቶ በየመንገዱ የሚሸጥ፣ ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ከገባ ሞተሩ ይበልጥ ይግላል።

በግቢ ጋራዦች በኩል የሚታረምም አለ። ከካምቢዮ የወጣ የተቃጠለ ዘይትና የዕቃ ማጠቢያ ቤንዚን ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ይደፋል። የሐይቅ ሐይቅ ውኃው የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ጎርፍ ያመጣው እዚያው ይቀራል። ዓሣ የሚያሰግር፣ ከብት የሚያጠጣ ሕዝብ ባለበት ዳርቻ አንድ በርሜል ለተቃጠለ ዘይት ማስቀመጥ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ የወደፊቱን አቅጣጫ ያመለክታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል አንድ ቀን ለአዳቃዩ ይደርሰው ይሆናል፤ ዘይት መለካትም ካርቡሬተር ማስተካከልም ይቀርለታል። የኤሌክትሪክ መስመር ባልገባበት ቀበሌ ለሚያድር ባለሙያ ግን ዛሬ ያለችው አሮጌዋ ናት።

የበጀት ዓመቱ በተዘጋ ቁጥር መሥሪያ ቤቶች ንብረት ይቆጥራሉ። በመዝገቡ «የማይሠራ» ከሚለው ቃል ጎን ምን እንደጎደለው የሚገልጽ አንድ መስመር ቢጨመር፣ ቆጣሪዎቹም ወደ ግቢ ሲገቡ ካንዴላ ነቅሎ ማየት የሚችል አንድ የሠፈር መካኒክ ይዘው ቢገቡ፣ የትኛዋ ለሐራጅ፣ የትኛዋ ለዕቃ፣ የትኛዋ ደግሞ በጥቂት ወጪ ነገ ለክትባት እንደምትወጣ በዚያው ቀን ይታወቃል።