ስም ያስተምራልን?

በዚህ ማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ አካላቸው ከእኛ ጋር፣ ልባቸው ግን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሆነ ጓደኞች እንዳሉን የታወቀ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው በባትሪ የባዮሎጂ መጽሐፍ የሚያገላብጡትን የማያውቅ የለም። ስም አልጠራም። እኔም አምና ከእነሱ አንዱ ስለነበርኩ ለወቀሳ አልተነሣሁም። የተነሣሁበት ምክንያት ሌላ ነው።

ባለፈው ወር አብራኝ የተማረች አንዲት ጓደኛዬ ስልክ ደወለችልኝ። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና አብረን ነበር የተቀመጥነው። ሁለታችንም ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃውን ግማሽ ነጥብ በጥቂት ሳትነው። እኔ ወደዚህ መጣሁ። እሷ ግን «ሐኪም ካልሆንኩ» ብላ ቤት ቀረች። ቀን እናቷን እንጀራ በመጋገር ትረዳለች፤ ማታ ማታ በግል ለመፈተን ታጠናለች። «ለመሆኑ ነጥቡ ቢመጣልኝ የትኛውን የሕክምና ትምህርት ቤት ላስቀድም?» አለችኝ። እኔም ሳላስብ «አዲስ አበባን ነዋ! ይህም ይጠየቃል?» አልኳት። «ለምን?» አለች። «በስሙ ነዋ!» አልኩ። ሣቀችና «ታዲያ ስሙ ነው እንዴ የሚያስተምረኝ?» ብላ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ነገ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ልጆችን እመክራለሁ የምል ሰው ለአንዲት ጓደኛዬ ምክንያት ማቅረብ አቃተኝ። አፈርኩ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም ያ እፍረት ነው።

በቅድሚያ «አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀመጠች» እየተባለ የሚወራውን ላንሣ። የመልቀቂያ ፈተናውን ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚቀርበትን ፈተና አንድ ጊዜ አለማለፍ የስንፍና ምልክት አይደለም። እንዲያውም የመጠበቂያው ዓመት አንድ ጥቅም አለው፤ መጠየቂያ ጊዜ ይሰጣል። ለፈተና የሚሮጥ ተማሪ ስለ ምርጫ የሚያስበው ቅጹ ፊቱ ሲቀርብ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ጓደኛው የሞላውን ይሞላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

ከእኛ ቀደም ብሎ ከትምህርት ቤታችን ያለፈ አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር። ምኞቱ ሕክምና ነው። ነገር ግን ጓደኞቹ የሚሄዱበትን ከተማ አስቀደመና ደረሰው። እዚያ ከገባ በኋላ ቢጠይቅ ዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ቤት የለውም! ልጁ ዛሬ በሌላ ሙያ ተመርቆ ይሠራል፤ «አልተጎዳሁም» ይላል። ሆኖም ሆስፒታል በር ላይ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሲያይ ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ አይቻለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የበሩ ጥያቄ መሆን አለበት። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢ ተማሪ በቀጥታ ሕክምና አይገባም። በቅድሚያ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ይማራል፤ ከዚያም በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች በዚያው በገባበት ግቢ ውስጥ ካሉት ተማሪዎች ጋር ለሕክምና ይወዳደራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል። ይህም ማለት ዩኒቨርሲቲ መምረጥና የምትወዳደርበትን ሜዳ መምረጥ አንድ ሆነዋል ማለት ነው። የሕክምና ትምህርት ቤት አለው ወይ? ስንት ይቀበላል? ስንትስ ይወዳደራል? ይህን ሳይጠይቁ ቅጽ መሙላት ዓይን ጨፍኖ ወንዝ እንደ መሻገር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የአስተማሪነት ጥያቄ ስለሆነ እኛን ይበልጥ ይመለከታል። ይኸውም «እንዴት ያስተምራል?» የሚለው ነው። ሁሉም የሚያወጡት ሐኪም ነው፤ የሚያወጡበት መንገድ ግን አንድ አይደለም።

ጎንደርን እንውሰድ። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያሠለጠነውም የጤና መኮንንን፣ ነርስንና የአካባቢ ጤና ባለሙያን ባንድነት ነበር፤ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወጥተው ይሠሩ ነበር። ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። በቡድን የመሥራቱ ልማድ የመጣው ከዚያ አጀማመሩ ነው።

ጅማ ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲቋቋም መመሪያው ትምህርቱን ከኅብረተሰቡ ጋር ማያያዝ ነበር። ተማሪው በቡድን ሆኖ ቀበሌ ይመደባል፤ ቤት ለቤት እየዞረ ውሃውን፣ መጸዳጃውን፣ የልጆቹን ክትባት ይጠይቃል፤ ችግሩን በቅደም ተከተል ያወጣል፤ ከነዋሪው ጋር መፍትሔ ይሞክራል። ጥቁር አንበሳ በበኩሉ ከየክፍለ ሀገሩ «አልቻልነውም» ተብሎ የተላከ በሽተኛ የሚመጣበት ሆስፒታል ነው። እዚያ የሚማር ሌላ ቦታ በመጽሐፍ ብቻ የሚታወቀውን በሽታ በዓይኑ ያያል።

ታዲያ የትኛው ይበልጣል? በእኔ አስተያየት «ይበልጣል» የሚለው ቃል እዚህ ላይ አይሠራም። ገጠር ጤና ጣቢያ መሥራት የምትፈልግና የልብ ቀዶ ሕክምና የምታልም አንድ ትምህርት ቤት ማስቀደም የለባቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር። የማስተማር ልምምድ ስንወጣ የደረሰኝ ክፍል ከስድሳ በላይ ልጆች ነበሩበት። ያዘጋጀሁት የትምህርት ዕቅድ ያማረ ነበር፤ የኋላው ረድፍ ግን ድምፄን እንኳ አልሰማም። መምህርነት የሚለመደው ልጁ አጠገብ ነው፤ ሐኪምነትም በሽተኛው አጠገብ ይመስለኛል። በ2004 ዓ.ም. ባንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ማሠልጠኛዎች ተከፍተዋል። ትምህርት ቤት መብዛቱ ደግ ነው። ነገር ግን ጓደኛዬ እንድትጠይቅ የምፈልገው ይህን ነው፤ ባንድ በሽተኛ አልጋ ዙሪያ ስንት ተማሪ ይቆማል? አስተማሪው ሐኪም በየቀኑ ይገኛል ወይ? የኋላው ረድፍስ ይሰማል ወይ?

ሦስተኛው የቋንቋ ነገር ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በሽተኛው ግን በእንግሊዝኛ አይታመምም። ጅማ የሚሄድ ኦሮምኛ፣ መቀሌ የሚሄድ ትግርኛ ለመልመድ ጆሮውን ይክፈት። ይህን እንደ እንቅፋት የሚያይ አለ፤ እኔ እንደ ትርፍ አየዋለሁ። የታናናሽ ክፍል ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር እንደሚገባው እዚሁ ተምረን የለም እንዴ?

አራተኛው የኪስና የቤት ነገር ነው። ሕክምና ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የወጪ መጋራት የሚማር ድርሻውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው፤ የግል ኮሌጅ ከሆነ ግን ክፍያው ዛሬውኑ ከኪስ ነው። የመንገዱ ሰላም፣ የትራንስፖርቱ ዋጋ፣ ቤት የቀሩት እናት ሁኔታ ሁሉ ይታሰብ። «ሐኪም ከሆንኩ ገንዘብ ይመጣል» የሚልም ካለ፣ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ያስታውስ። ለገንዘብ ብቻ የተመረጠ መንገድ መሐል ላይ ያደክማል።

ይህን ሐሳቤን ለአንድ መምህራችን ባጫውታቸው፣ «ልጄ፣ ምርጫ ለባለጸጋ ነው፤ ለድኻ ልጅ የተከፈተ በር ሁሉ በር ነው» አሉኝ። ንግግራቸው እውነት አለበት። እኔም እዚህ የገባሁት በተከፈተው በር ነው፤ አልጸጸትም። ሆኖም መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም። እዚያ የሚማር አንድ ተማሪ ፈልጎ ደውሎ ማነጋገር ለድኻውም ይቻላል። እንዲያውም መሳሳት የማያዋጣው ድኻው ነው፤ ባለጸጋው ቢሳሳት ይመለሳል።

አንዳንዶቻችሁ «የመምህራን ማሠልጠኛ ግድግዳ ላይ ስለ ሕክምና ምን አስወራህ?» ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ብዙው ልጅ ስለ ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው ሌላ ሰው የለውም፤ የሚጠይቀው እኛን ነው። ያን ጊዜ እኔ በስልክ እንዳደረግሁት «በስሙ ነዋ!» ብንል የአንድ ልጅ ስድስት ዓመት በእኛ አፍ ይባክናል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ለጓደኛዬ መልሼ ደውዬላታለሁ። «አዲስ አበባ» ያልኩትን አንሥቻለሁ፤ በምትኩ እላይ ያሉትን ጥያቄዎች በተራ አነበብኩላት። እሷም በደብተር ጻፈችና «ይሄኛው ይሻላል፤ ግን መልሱንስ ማን ይሰጠኛል?» አለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ እናንተን ልለምን። ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ጥቁር አንበሳ ወይም ቅዱስ ጳውሎስ ሕክምና የሚማር ወንድም፣ እኅት ወይም የሠፈር ልጅ ያላችሁ ጠይቃችሁ መልሱን በወረቀት ጻፉና ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፉ። በባትሪ የምታጠኑትም አንብቡት፤ የማታጠኑትም ለነገ ተማሪዎቻችሁ ያዙት።

እኔ ዘንድሮ አልፈተንም። አልፎ አልፎ ያምረኛል፤ አልዋሽም። ነገር ግን ያ ስድሳ ልጅ ያለበት ክፍል የኋላ ረድፍ ገና ድምፄን አልሰማም፤ እሱን ሳላሰማ መሄድ አልፈልግም።

ከአንድ የሁለተኛ ዓመት እጩ መምህር